የመድኃኒት አተላ፣ ጭድ እና ገፈራ፤ ቆሻሻ መኖ የሚሆነው መቼ ነው?

ሕግ የተማረ ሰው ስለ ከብት መኖ ሊጽፍ ሲነሳ “ይህን ደግሞ ምን አገባው?” የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሴም አጭር ነው። ላሟ የበላችውን እኔም አንባቢዬም በወተት መልክ እንጠጣዋለን። በዚያ ላይ ዛሬ የማነሳው ጉዳይ በላቦራቶሪ ተጀምሮ ሕግ ደጃፍ ላይ የሚቆም ነው። የዕፅዋት መድኃኒት ፋብሪካዎች ጭማቂውን አውጥተው የሚጥሉትን ቅሪት ከሰብል ጭድ ጋር አብላልቶ ለከብት ማብላት ይቻላል ወይ? የቻይና ተመራማሪዎች “ይቻላል፣ እንዲያውም ጭዱን ያሻሽለዋል” ካሉ ሰነባብተዋል። እኔ ደግሞ አንድ ጥያቄ እጨምራለሁ። ያ ቅሪት በሕግ ዓይን ምንድን ነው? ቆሻሻ ነው? መኖ ነው? ወይስ መድኃኒት?

ሁለቱ ጥያቄዎች የተለያዩ ይመስላሉ እንጂ አንድ ናቸው። ይህን ለማሳየት መጀመሪያ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ፣ ከዚያም የት ላይ እንደሚያሰጋ፣ በመጨረሻም ሕጉ ምን መጠየቅ እንዳለበት በቅደም ተከተል አስረዳለሁ።

አተላው ከየት ይመጣል?

በቻይና የባህል ሕክምና የመንደር አዋቂዎች ሥራ ብቻ አይደለም፤ ትልቅ ኢንዱስትሪ ነው። ሥሩ፣ ቅጠሉ፣ ቅርፊቱና አበባው በግዙፍ የብረት ጋኖች ውስጥ እየተቀቀለ ጭማቂው ወደ ሽሮፕ፣ ወደ ክኒንና በሙቅ ውኃ ወደሚበጠበጥ ዱቄት ይለወጣል። የሚፈለገው ንጥረ ነገር ከተክሉ ክብደት ትንሹ ክፍል በመሆኑ የሚቀረው ብዙ ነው። ለምሳሌ ያህል የወባ መድኃኒት የሆነውን አርቴሚሲኒንን እንውሰድ። ቱ ዩዩ የተባሉት ቻይናዊት ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ2015 የኖቤል ሽልማት የተካፈሉበት ይህ ንጥረ ነገር ከተክሉ ደረቅ ቅጠል ውስጥ 1 በመቶ ግድም ቢሆን ነው። እንግዲህ ከ100 ኪሎ ቅጠል 99 ኪሎ ያህሉ ተራፊ ነው ማለት ነው። በዚህ ዓይነት በቻይና በየዓመቱ የሚጣለው የዕፅዋት መድኃኒት ቅሪት በአሥር ሚሊዮኖች ቶን ይገመታል።

እኔ ይህን ቅሪት “የመድኃኒት አተላ” እለዋለሁ። የጠላን አተላ የሚያውቅ አንባቢ ጠባዩን ለመገመት አይቸገርም። ከጋኑ ሲወጣ እርጥብ ነው፤ ከክብደቱ ሰባና ሰማንያ በመቶው ውኃ ነው። በበጋ ሙቀት በጥቂት ቀናት ውስጥ ይሸታል፣ ይሻግታል፣ ፍሳሹም ወደ ወንዝ ይወርዳል። ለማቃጠል ውኃው፣ ለመቅበር ቦታው፣ ለማጓጓዝ ክብደቱ ያስቸግራል። ስለዚህ ለፋብሪካው ወጪ ነው።

በሌላ በኩል ደግሞ ጭዱ አለ። ቻይና በየዓመቱ በመቶ ሚሊዮኖች ቶን የሚቆጠር የሩዝና የስንዴ ጭድ እንዲሁም የበቆሎ አገዳ ታመርታለች። ገበሬው አዝመራውን ሰብስቦ ማሳውን ቶሎ ለማዘጋጀት ጭዱን በእሳት ይለቀው ነበር፤ ጭሱ ከተሞችን ሲያፍን ሕግ መጣ። እ.ኤ.አ. በ2015 ተሻሽሎ ከ2016 መጀመሪያ አንስቶ ሥራ ላይ የዋለው የአየር ብክለት መከላከያ ሕግ በተከለሉ አካባቢዎች ጭድን በገላጣ ቦታ ማቃጠልን ከልክሏል፤ ቅጣቱም ከ500 እስከ 2,000 ዩዋን ሊደርስ እንደሚችል ደንግጓል። እንግዲህ ፋብሪካው በአተላ፣ ገበሬው በጭድ ተጨንቀዋል። ሁለቱን ጭንቀት አጋብቶ መኖ መውለድ የሚለው ሐሳብ የመጣው ከዚህ ነው።

ገፈራ የሚባለው ነገር

የግብርና ባለሙያዎቻችን ገፈራ የሚሉት፣ በተለምዶም ሳይሌጅ የሚባለው መኖ፣ እርጥብ ሣር ወይም አገዳ አየር በማያስገባ ቦታ ታምቆ የሚብላላ ነው። በጉራጌ ወይም በሲዳማ ቤት ቆጮ ሲቀበር ያየ ሰው ምስጢሩን ያውቀዋል። የተፋቀው እንሰት በኮባ ተሸፍኖ ጉድጓድ ይገባል፣ በድንጋይ ይጫናል፣ አየር እንዳያገኝ ይደረጋል። በውስጡ ያሉት የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች ስኳሩን ወደ አሲድ ይለውጡታል፤ አሲዱም አበስባሾቹን ያባርራል። ወተታችንን እርጎ የሚያደርጉትም የእነዚሁ ባክቴሪያዎች ዘመዶች ናቸው። ጥሩ ገፈራ የአሲድነት መለኪያው ፒኤች ወደ 4 ተጠግቶ ይገኛል፤ ሽታው እንደ እርጎና እንደ ኮምጣጤ ነው እንጂ አያጥወለውልም።

ይህ እንዲሳካ አራት ነገሮች ያስፈልጋሉ። እነዚህም በቂ እርጥበት (ከ60 እስከ 70 በመቶ)፣ ባክቴሪያው የሚበላው ስኳር፣ ራሱ ባክቴሪያው፣ እንዲሁም አየር አለመኖር ናቸው። ደረቅ ጭድ ከእነዚህ ውስጥ አንዱንም አሟልቶ አይገኝም። እርጥበቱ 12 በመቶ ግድም ነው። ስኳሩ ወደ ፍሬው ሄዷል። ባክቴሪያው ጥቂት ነው። ክፍት ስለሆነም አየር በውስጡ እንደልቡ ይመላለሳል። ከዚህ በላይ የፕሮቲን መጠኑ ከ3 እስከ 5 በመቶ ብቻ ነው። የከብት ሆድ ዕቃ ውስጥ ያሉት ረቂቅ ሕዋሳት በወጉ እንዲሠሩ ግን ቢያንስ 7 በመቶ ግድም ፕሮቲን ይፈልጋሉ። ጭድ ብቻ የምትበላ ላም ሆዷ ሞልቶ የምትከሳው በዚህ ምክንያት ነው።

አተላው ለጭዱ ምን ይጨምርለታል?

በመጀመሪያ ውኃ ይሰጠዋል። ደረቁ ጭድ እርጥቡን አተላ ይመጠዋል፤ ፍሳሽ ሆኖ ወደ ወንዝ ይወርድ የነበረው በመኖው ውስጥ ይቀራል። አንዱ የጎደለውን ሌላው ይሞላለታል።

ሁለተኛ፣ የአተላው ክሮች ተቀቅለው ስለለሰለሱ ከደረቅ ጭድ ይልቅ ለባክቴሪያና ለኢንዛይም የተመቹ ናቸው።

ሦስተኛውና ተመራማሪዎችን ይበልጥ የሳበው በአተላው ውስጥ የሚቀሩት ረቂቅ ንጥረ ነገሮች ናቸው። ፍላቮኖይድ፣ ሳፖኒን፣ ታኒን የሚባሉት ሁሉም ተጠርገው አይወጡም። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ሻጋታንና አበስባሽ ባክቴሪያን ይገታሉ። ታኒን ደግሞ ፕሮቲንን ይዞ በገፈራው ውስጥ ወደ አሞኒያ ተበላሽቶ እንዳይባክን ያግዛል። በእነዚህ ምክንያቶች እንደ አስትራጋለስና ሊኮሪስ ያሉትን ሥሮች አተላ ቀላቅለው የሞከሩ ተመራማሪዎች በብዙ ሙከራዎች ላይ ላክቲክ አሲዱ ከፍ፣ ፒኤቹና አሞኒያው ዝቅ ብሎ አግኝተዋል። ውጤቱ ግን እንደ ተክሉ ዓይነትና እንደ መጠኑ ይለያያል። ባክቴሪያን የሚገታ ንጥረ ነገር ክፉውን ከደጉ አይለይምና፣ ሲበዛ አሲድ ሠሪዎቹን ወዳጆቻችንንም ይገታል።

እዚህ ላይ ሁለት የተለመዱ ስህተቶች አሉ። አንዱ “አተላው ስኳር አለው፣ ሞላሰስ አያስፈልግም” የሚለው ነው። በውኃ የተቀቀለ ተክል በውኃ የሚሟሟ ስኳሩን ለጭማቂው አስረክቧል። ሌላው “ባክቴሪያው ከአተላው ጋር ይመጣል” የሚለው ነው። የፈላ ነገር የራሱን ባክቴሪያ አጥቷል፤ ከዚያ በኋላ የሚያርፍበት በአጋጣሚ ያገኘው ነው። ስለዚህ ከክብደቱ ከ2 እስከ 5 በመቶ ሞላሰስ መጨመርና በፋብሪካ የተዘጋጀ የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያ መርጨት የተለመደ ነው። ክሩን የሚፈታ ሴሉሌዝ የሚባል ኢንዛይም የሚጨምሩም አሉ።

ነገሩ በቁጥር ሲታይ

ወረቀት ላይ አስልተን እንየው። ጭዱ 12 በመቶ፣ አተላው 75 በመቶ ውኃ አላቸው እንበል። ከደረቅ ክብደቱ 20 በመቶው አተላ፣ 80 በመቶው ጭድ የሆነና 60 በመቶ እርጥበት ያለው ቅልቅል ብንፈልግ፣ 91 ኪሎ ጭድ፣ 80 ኪሎ እርጥብ አተላና 79 ሊትር ውኃ ያስፈልገናል። ድምሩ 250 ኪሎ ገፈራ ነው። ጭዱ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ይቆራረጣል፣ በደንብ ይደባለቃል፣ በየንብርቡ ይረገጣል፣ በላስቲክ ይታሸጋል፣ ከአንድ እስከ ሁለት ወር ይቆያል። እርጥበቱን ለመፈተን መሣሪያ የግድ አይደለም። በጭብጥ ጨምቆ ውኃ ከተንጠባጠበ በዝቷል፤ እጅ ሲዘረጋ ወዲያው ከተበተነ አንሷል፤ ቀስ እያለ ከተከፈተ ደርሷል።

ፕሮቲኑንስ? ጭዱ 4 በመቶ፣ አተላው 10 በመቶ ፕሮቲን አላቸው ብለን ብንወስድ ቅልቅሉ 5.2 በመቶ ይሆናል። አሁንም ከ7 በታች ነው። ይህን ማለቴ ሥራውን ለማንኳሰስ አይደለም። አተላው ጭዱን ያለሰልሰዋል፣ ያቆየዋል፣ ይበልጥ ያስበላዋል፤ ፋጉሎን ግን አይተካም። “መኖ ችግራችን ተፈታ” የሚል ሻጭ ቢመጣ ይህቺን ስሌት አውጥቶ ማሳየት ነው።

የትራንስፖርቱም ነገር አለ። 10 ቶን እርጥብ አተላ የጫነ መኪና 7 ቶን ተኩል ውኃ ተሸክሟል። ስለዚህ ሥራው የሚያዋጣው ከብቱ ከፋብሪካው አጠገብ ሲሆን ነው። ርቀቱ ሲጨምር አተላውም በመንገድ ላይ ይሻግታል።

ማብላላት ያቆያል እንጂ አያነጻም

አሁን ወደ አስጊው እንምጣ። ሰዎች “ተብላልቷል” ሲባል “ጸድቷል” ብለው ይረዳሉ። ስህተት ነው። አሲዱ ሕያው የሆነውን አበስባሽ ይገታል፤ ሕይወት የሌለውን መርዝ ግን አያውቀውም። በእርሳስ ወይም በካድሚየም በተበከለ አፈር ላይ የበቀለ ሥር ሲቀቀል ብረቱ ሁሉ ከጭማቂው ጋር አይሄድም፤ ከፊሉ በአተላው ውስጥ ይቀራል፤ ገፈራውም አያጠፋውም። በቻይና ባህላዊ ቅመማ ሜርኩሪና አርሴኒክ ያለባቸው ማዕድናት የሚገቡባቸው መድኃኒቶች አሉ። የእነዚህ አተላ ከሌላው ጋር ቢደባለቅ በዓይን አይለይም። የሻገተ አተላም ቢሆን የሻጋታው መርዝ በአሲዱ ይጠፋል ተብሎ ሊታመንበት አይገባም።

የአወጣጡ ዘዴም ልዩነት አለው። በውኃ የተቀቀለ አንድ ነገር ነው። አርቴሚሲኒን ግን በአብዛኛው የሚወጣው እንደ ሄክሴን ባሉ የነዳጅ ዘር አሟሚ ፈሳሾች ነው። አሟሚው በሙቀት ካልተባረረ በአተላው ውስጥ ይቀራል። ሁለቱንም “የዕፅዋት አተላ” ብሎ በአንድ ስም መጥራት ልዩነታቸውን መሸፈን ነው።

የተክሉ ማንነት ደግሞ ከሁሉም በላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ቤልጅየም ውስጥ ለማቅጠኛ ተብሎ በተሰጠ ክኒን አንድ የቻይና ተክል በስም መመሳሰል በሌላ ተተክቶ ገብቶ፣ አሪስቶሎኪክ አሲድ የተባለው መርዙ የብዙ ሴቶችን ኩላሊት አበላሽቷል። በሰው መድኃኒት ላይ፣ በሐኪሞች እጅ እንዲህ ያለ ስህተት ከደረሰ፣ ከሃያ ዓይነት ቅመም የተረፈና ማንም ስሙን ያልጻፈበት አተላ ላይ ምን ሊደርስ እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

በመጨረሻም በደንብ ያልታሸገ ገፈራ ራሱ አደጋ ነው። አየር የገባበት ሊስቴሪያን፣ በቂ አሲድ ያልሠራ ደግሞ የቦቱሊዝም መርዝ የሚያመነጨውን ባክቴሪያ ሊያስተናግድ ይችላል። ይህ የአተላው ሳይሆን የአሠራሩ ጉድለት ነው፤ ከብት ግን በሁለቱም ይሞታል።

ቆሻሻ፣ መኖ ወይስ መድኃኒት?

አሁን የእኔ ሙያ መጣ። አንድ ነገር ቆሻሻ ነው ወይስ ተረፈ ምርት የሚለውን የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው የቆሻሻ መመሪያ አንቀጽ 5 ላይ በአራት መመዘኛዎች ለይቶታል። አንደኛ፣ ነገሩ ወደፊት ጥቅም ላይ እንደሚውል እርግጠኛ መሆን አለበት። ሁለተኛ፣ ከተለመደው የኢንዱስትሪ አሠራር ያለፈ ተጨማሪ ማጣራት ሳያስፈልገው በቀጥታ የሚያገለግል መሆን አለበት። ሦስተኛ፣ የምርት ሒደቱ አካል ሆኖ የተገኘ መሆን አለበት። አራተኛ፣ አገልግሎቱ ሕጋዊ፣ ለጤናና ለአካባቢም ጎጂ ያልሆነ መሆን አለበት። አራቱም በአንድነት ካልተሟሉ ቆሻሻ ነው።

የመድኃኒቱን አተላ በዚህ ብንመዝነው ሦስተኛውን ያለ ችግር ያልፋል። አንደኛው የሚወሰነው ቋሚ ተረካቢ በመኖሩ ነው፤ በክረምት ወስዶ በበጋ የሚተው ገዥ እርግጠኛነት አይደለም። ሁለተኛው እንደ አወጣጡ ዘዴ ይለያያል። አራተኛው ግን ያለ ምርመራ ወረቀት አይታለፍም። ስለዚህ “አተላ ቆሻሻ ነው ወይስ አይደለም?” ለሚለው አንድ ጥቅል መልስ የለም። የዚህ ፋብሪካ፣ የዚህ ተክል፣ የዚህ ቀን አተላ ምንድን ነው ብሎ መጠየቅ ነው ያለብን።

ቻይና ራሷ እ.ኤ.አ. በ2012 አውጥታ ከጃንዋሪ 2013 ጀምሮ ሥራ ላይ ያዋለችው የመኖ ጥሬ ዕቃዎች ዝርዝር አለ። ከብት ሊበላቸው የሚችሉ ከ100 በላይ የተፈጥሮ ተክሎች በስም ተጠርተውበታል። በስም መጥራቱ ትልቅ ቁም ነገር ነው። ስም ያለው ይገባል፤ ስሙ የማይታወቅ ቅልቅል ደጅ ይቆማል።

ወደ መድኃኒትነት የሚገፋውም ሌላ ምክንያት አለ። የአውሮፓ ኅብረት ከጃንዋሪ 1 ቀን 2006 ጀምሮ ለማደለቢያ ተብሎ አንቲባዮቲክ በመኖ መስጠትን ከልክሏል። ቻይና ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣችው ማስታወቂያ፣ ከጁላይ 1 ቀን 2020 ጀምሮ የመኖ ፋብሪካዎች እድገት የሚያፋጥኑ መድኃኒቶችን የቀላቀለ መኖ እንዳያመርቱ ስታደርግ፣ ከክልከላው ውጭ ያደረገችው የባህል ዕፅዋት መድኃኒቶችን ነው። ዓላማው በጎ ነው፤ መድኃኒት የተላመዱ ጀርሞችን መቀነስ ነው። ነገር ግን በር አንድ ሲዘጋ በተከፈተው በኩል ሁሉም ይጋፋል። ሻጩም “ተፈጥሮ ነው፣ በሽታ ይከላከላል፣ ጎን ጉዳት የለውም” ማለት ይጀምራል።

በእኔ እምነት እዚህ ላይ ቀላል መለያ አለ። አተላው በሽታ ይፈውሳል ካልክ መድኃኒት እየሸጥክ ነው፤ የመድኃኒት ማስረጃ አምጣ። ይመግባል ካልክ መኖ እየሸጥክ ነው፤ የመኖ ማስረጃ አምጣ። የሚወስድልህ ሰው ለማግኘት የምትከፍል ከሆነ ደግሞ ቆሻሻ እያስወገድክ ነው። ገንዘቡ ወዴት እንደሚሄድ ማየት ብዙ ነገር ይናገራል። ገበሬው የሚከፍል ከሆነ ፋብሪካው ለጥራቱ ይጨነቃል፤ ፋብሪካው የሚከፍል ከሆነ የሚጨነቀው መኪናው ከግቢው ስለመውጣቱ ነው።

ይህ ከንቱ ጥርጣሬ እንዳልሆነ ታሪክ ያሳያል። በእንግሊዝ የቄራ ተረፈ ምርት ደርቆና ተፈጭቶ ለከብት መኖ ይሰጥ ነበር። “ፕሮቲን ነው፣ አይባክን” የሚለው ክርክር ትክክል ይመስል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1986 የላም እብደት በሽታ ታወቀ፤ በ1988 ተረፈ ምርቱን ለሚያመሰኩ እንስሳት ማብላት ተከለከለ፤ በ1996 መንግሥት በሽታው ከሰው ሕመም ጋር ሊያያዝ እንደሚችል አስታወቀ። ሳሩን አይቶ ገደሉን እንዳላየው በሬ መሆን ማለት ይህ ነው።

ወደ እኛ ደጅ ስንመጣ

ለእኛ ነገሩ ሩቅ አይደለም። ጭድና አገዳ ከግጦሽ ቀጥሎ የአገራችን ከብት ዋነኛ መኖ ነው። አተላ ከጭድ ጋር ማብላትንም ከማንም አልተማርነውም። ጠላ ጠማቂዋ የምታወጣው አተላ ጌሾ አለበት፤ ጌሾ ደግሞ በባህላችን መድኃኒትም ነው። ታዲያ በዚያ ያልተፈራ እዚህ ለምን ይፈራል? ልዩነቱ ተክሉ ላይ አይደለም። ልዩነቱ ሰፈር ላይ ነው። ገበሬው ጠማቂዋን ያውቃታል፤ ጌሾውን፣ ብቅሉን፣ ጋኑን ያውቃል፤ ከብቱ ቢታመም ደጃፏ ሄዶ “ምን ነበረበት?” ይላታል። ፋብሪካ ጎረቤት አይደለም። አተላው ስም ሳይኖረው በመኪና ይመጣል። እንግዲህ የጎረቤትን ቦታ ተክቶ “ምን ነበረበት?” የሚል ሌላ አካል ያስፈልጋል። እሱም ሕግ ነው።

ጎረቤት በሌለበት ምን እንደሚሆን አይተናል። በአዲስ አበባና በዙሪያዋ የወተት አቅራቢዎች ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመው ጥናት ከ110 የወተት ናሙናዎች ውስጥ በአውሮፓ ኅብረት የአፍላቶክሲን ጣሪያ ሥር የተገኙት 9 ብቻ ነበሩ። የተመረመረው መኖ በሙሉ መርዙ ነበረበት፤ ከፍተኛ መጠን ከታየባቸው አንዱም የኑግ ፋጉሎ ነው። ፋጉሎ ምንድን ነው? የዘይት መጭመቂያ ተረፈ ምርት ነው። ጠቃሚ፣ ውድ፣ ተፈላጊ መኖ ነው። ችግሩ ፋጉሎ መሆኑ ሳይሆን በአያያዝ ጉድለት መሻገቱና ሳይመረመር መሸጡ ነው። መርዙ ደግሞ ወተት በማፍላት አይጠፋም።

ሕጋችን ባዶ አይደለም። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የእንስሳት መድኃኒትና መኖ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 728/2004 መድኃኒቱንና መኖውን በአንድ ጣራ ሥር አስገብቷቸዋል። የቁጥጥሩም ሥራ በ2014 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣን ተዘዋውሯል። እንደ መድኃኒት አተላ ላለው በሁለቱ መካከል ለሚንሳፈፍ ነገር አንድ ጣራ መኖሩ ጥሩ ነው፤ “የእኔ አይደለም፣ የእሱ ነው” መባባልን ይቀንሳል።

ጉዳት ከደረሰ በኋላስ? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2085 ላይ ለትርፍ ብሎ ዕቃ ሠርቶ ለሕዝብ የሚያቀርብ ሰው፣ ዕቃው በተለመደው አገልግሎት ላይ ሳለ ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። ሆኖም ጉድለቱ በተለመደው ዓይነት ምርመራ ሊታወቅ ይችል ከነበረ ኃላፊነቱ ይቀራል። ይህቺን ድንጋጌ በአተላው ላይ ስናውላት ሁለት ጥያቄ ይወለዳል። ፋብሪካው አተላውን በነጻ ከሰጠ “ለትርፍ” አቅርቧል ይባላል? በእኔ አስተያየት የማስወገጃ ወጪ ማዳንም ትርፍ ነው፤ ግን ተከራካሪው ወገን ሌላ እንደሚል አውቃለሁ። ሁለተኛ፣ ገበሬው በተለመደ ምርመራ ምን ሊያውቅ ይችላል? ሻጋታና ሽታ ያውቃል። እርሳስና ካድሚየም ግን አይሸቱም። ስለዚህ ሻጋታው በገበሬው፣ የማይታየው መርዝ በፋብሪካው ላይ ቢወድቅ ፍትሐዊ ይመስለኛል። ይህን ዳኛ እስኪወስነው ከመጠበቅ ይልቅ በውል ላይ አስቀድሞ መጻፍ ይበልጣል።

ከመቀበል በፊት የሚጠየቁ

የመድኃኒት፣ የሽቶ ቅጠል ወይም የሌላ ዕፅ ፋብሪካ ተረፈ ምርቱን ለመኖ እንዲወስዱለት ሲጠይቅ ገበሬው፣ ማኅበሩ ወይም የማኅበሩ ጠበቃ እነዚህን ስድስት ጥያቄዎች ይያዙ።

1. ተክሉ ማን ይባላል? አንድ ነው ወይስ ቅልቅል? ስሙ በጽሑፍ ይስጥ።

2. ጭማቂው በምን ወጣ? በውኃ ነው፣ በአልኮል ነው ወይስ በሌላ አሟሚ?

3. ከጋኑ የወጣው መቼ ነው? ሙቀት ባለበት ቦታ ቀናት ያስቆጠረ አተላ አይታሸግም።

4. የከባድ ብረት፣ የፀረ ተባይና የሻጋታ መርዝ ምርመራ የት ተደረገ? ወረቀቱ ለዚህ ጭነት ነው ወይስ ለዓምናው?

5. ምን ያህል ይበላል? በጥቂት ከብቶች ላይ፣ በትንሽ መጠን ተሞክሯል? የምትታለብ ላም የመጨረሻዋ ተሞካሪ እንጂ የመጀመሪያዋ አትሁን።

6. ጉዳት ቢደርስ ማን ይከፍላል? የት ተጽፏል?

ለእነዚህ መልስ ያለው ፋብሪካ ካለ፣ የቻይናው ሙከራ ለእኛም ትምህርት ነው። መልስ የሌለው ከሆነ ግን ገበሬው የቆየውን መንገድ ቢይዝ አይጎዳም። 100 ኪሎ ጭድ ላይ ከ4 እስከ 5 ኪሎ ዩሪያ በውኃ በጥብጦ ረጭቶ ለሦስት ሳምንት ያህል ማሸግ ጭዱን እንደሚያሻሽል ለረጅም ጊዜ የታወቀ ነው። ሁለቱ ዘዴዎች ግን በአንድ ጉድጓድ ውስጥ አይዋሃዱም። ዩሪያው አሲዱን ይሽረዋልና አንዱን መምረጥ ነው።

የሚጣል ነገር ጥቅም ላይ ሲውል ደስ ከሚላቸው ሰዎች አንዱ ነኝ። ቆሻሻ ወደ መኖ የሚለወጠው ግን ጉድጓድ ውስጥ ስለገባ አይደለም። ከየት እንደመጣ፣ ምን እንዳለበትና ማን እንደሚጠየቅበት የታወቀ ዕለት ነው መኖ የሚሆነው። ከዚያ በፊት አተላው፣ ምንም ያህል ቢብላላና እንደ እርጎ ቢሸት፣ ባለቤቱ ከግቢው ያስወጣው ቆሻሻ ነው፤ ማረፊያውም የእኛ ብርጭቆ ነው።